ወንድሜን ቤት ቆልፈንበት ከሱስ ብናወጣውስ? (ጥያቄዬና የመጡት ምላሾች)

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የጻፍኩት ጥያቄ ይህ ነው።

ታናሽ ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። ጫት የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለ፣ ለፈተና ሌሊት ለማንበብ ብሎ ነው። ተመርቆ አዳማ ሥራ ሲይዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር። አሁን ከምሳ በኋላ በርጫ የማይቀመጥበት ቀን የለም። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ አለ፤ በሁለት ቢራ ጀምሮ አሁን ግማሽ ሊትር አረቄ ደርሷል። ሥራውን ከለቀቀ ስምንት ወሩ ነው። እናታችን የወርቅ ጉትቻዋን ፈልጋ ያጣችው በፋሲካ ሰሞን ነበር፤ ማን እንደወሰደው ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ጠዋት ቡና ሲቀርብለት ሲኒው ከሥር ሳህኑ ጋር እየተጋጨ ሲንቀጫቀጭ ማዶ ክፍል ድረስ ይሰማል። እናቴ አሁን በብርጭቆ ነው የምታቀርብለት፣ ያውም ግማሹን ብቻ ቀድታ።

አጎታችን ጓጉንቸር ገዝቶ መጥቷል። ቅዳሜ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት እናስገባውና ምግብና ውሃ እያቀበልን አሥር ቀን እንቆልፍበት፣ ሐራራው ሲወጣለት ይተዋል ነው የሚለው። እናቴ እሺ ብላለች። እኔ ልቤ አልፈቀደም፣ ግን የተሻለ ሐሳብም የለኝም። እንዲህ አድርጎ የተሳካለት ሰው አለ?

ምላሹ 31 ደርሷል። መጨረሻው ምን ሆነ እያላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ፣ ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው በየቁጥሩ እየተረክሁ እሄዳለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ አንዳንዱ ለእኔ ሲል ያወጣው የቤቱ ገመና ነው።

ቁጥር 1 ከጎንደር የጻፈ ሰው ነው። እሱም ወንድሙን ልክ እንዳሰብነው ለሰባት ቀን ዘግቶበት ነበር። እንደሠራለት ነገረኝና፣ ጨዋ ሰው ስለሆነ ወዲያው ደግሞ ወንድሙ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ጫቱ እንደተመለሰ አልደበቀኝም። የሱ ወንድም መጠጥ አይቀምስም ነበር። ያኔ ይህን መስመር አንብቤ ሳላስተውለው አልፌዋለሁ።

ቁጥር 2 አንዲት እናት ናቸው። ልጄ እያሉ፣ ጊዜ ሳላባክን ጻድቃኔ ማርያም ጸበል እንዳስገባው፣ እሳቸውም የእህታቸውን ልጅ እዚያ ወስደው እንዳመጡት ጻፉልኝ። አጻጻፋቸው እንደ ምርቃት ነበር።

ቁጥር 3 ላይ ነገሩ መስመር ለወጠ። ከሐረር አካባቢ የገበሬ ልጅ ነው። ጫት ሱስ ነው መባሉ አስቆጥቶታል። አያቱ ጠዋት ኢጃበና (የዓይን መክፈቻ) ብለው ቅመው እርሻቸው ላይ የሚውሉ፣ ልጆቻቸውን በሙሉ ያስተማሩትም በጫት ገንዘብ እንደሆነ ጻፈ። ጥፋቱ የቅጠሉ ሳይሆን ሥራ ፈቶ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚውለው የከተማ ልጅ ነው ባይ ነው። ቁጥር 4 ደገፈው፤ የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ጫትን መርምረው በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ እንዳላሉ ጠቅሶ፣ የምናጋንነው እኛ ነን አለ።

ቁጥር 5 ለሁለቱም የመለሰው በቁጣ ነው። ጫት ካቆመ ሦስት ዓመት የሞላው ወጣት ነው፣ ሐዋሳ ይኖራል። ሱስ አይደለም የሚል ሰው ዱካክ ይዞት አያውቅም ሲል ጀመረ። ያልቃመ ቀን ሌሊት ደረቱ ላይ ሰው ሲቀመጥበት፣ ከገደል ሲወረወር፣ መጮህ ፈልጎ ድምፁ እምቢ ሲለው ያድር ነበር። ገንዘብ ሲያልቅበት በርጫ ቤት ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ ወለሉ ላይ የቀረውን ገራባ ይለቅማል። አንድ ቀን ከሲጋራ ቁራጭና ከኦቾሎኒ ልጣጭ እየለየ ሲለቅም የቤቱ ባለቤት ትንሽ ልጅ በር ላይ ቆማ አየችው። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ፌስታል አምጥታ ሰጠችው። ያቆመው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ግን ቁጣው መሐል ለእኔ የሚሆን ነገር ጣል አድርጓል፦ ጫቱን ሲያቆም አራት ቀን ተኝቶ ዋለ፣ ድብርቱ ወር ቆየ፣ ነገር ግን ሰውነቱ ለሞት አላደረሰውም።

ቁጥር 6 የቁጥር 4ን ነገር አረመው። ቅጠሉ ራሱ በዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ ባይገባም፣ ውስጡ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ግን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ጠባዩም አምፌታሚን ለሚባለው አነቃቂ ዕፅ የቀረበ ነው። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ ሁለት ቀን ሳይሞላው ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ጫት በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ መኪናው ከአወዳይ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ ነፍሱን እስኪስት የሚበረው። ለማንኛውም በጫት ጉዳይ ክርክሩ ሞቆ ነበር።

ቁጥር 7 ነርስ ናት። የጫቱን ክርክር ትታ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። አረቄውን በየቀኑ መጠጣት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው? አንድ ቀን እንኳ ሳይጠጣ አድሮ ያውቃል? ጠዋት የሚንቀጠቀጠው እጁ የሚረጋው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ሦስተኛውን አስቤበት አላውቅም ነበር። ተነሥቼ እናቴን ጠየቅኋት። ዝም አለችና፣ ከፍራሹ ሥር ጠርሙስ እንዳለው፣ ከሱ ከተጎነጨ በኋላ እንደሚረጋ ነገረችኝ። ለካ ታውቃለች። ይህንን በቁጥር 8 ጻፍኩ።

ቁጥር 9 የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ምክንያት ነው፤ ሌላውን ትታችሁ ይህንን ብቻ ብታነብቡም ይበቃኛል። ነርሷ ቅዳሜ እንዳትቆልፉበት አለችኝ። እኔ የጫት ሐራራ የመሰለኝ መንቀጥቀጥ የመጠጥ ነው። በየቀኑ አልኮል የለመደ አንጎል፣ አልኮሉ የሚያደነዝዘውን ያህል ራሱን እያነቃ መኖርን ይለምዳል። መጠጡ ባንድ ጊዜ ሲቀር ማንቂያው ብቻ ይቀራል፣ የሚይዘው የለም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ሦስተኛና አራተኛው ቀን ላይ ደግሞ በአንዳንዱ ሰው ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ይመጣል፤ ያለበትን አያውቅም፣ የሌለ ሰው ያያል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ልቡ ይሮጣል። ሳይታከም ከቀረ ሊገድል ይችላል። አጎቴ ያሰበው አሥር ቀን ውስጥ በሩ ተቆልፎ የሚያልፉት ቀናት እነዚህ ነበሩ።

ሆስፒታል ግን የሚታከም ነገር ነው። በአብዛኛው ዳያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጡታል፣ መጠኑን በየቀኑ እየቀነሱ በሳምንት አካባቢ ያስቆሙታል። የቫይታሚን ቢ-1 (ታያሚን) መርፌም ይወጋል። እዚህ ላይ ደጋግማ ያስጠነቀቀችኝ፣ ሰፈር ክሊኒክ ወስደን ግሉኮስ ብቻ አስተክለን እንዳንመልሰው ነው። በመጠጥ በተጎዳ ሰውነት ላይ ቫይታሚኑ ሳይቀድም ግሉኮስ ከገባ አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። ደግሞ ሌላ፣ ሰምቼው የማላውቀው ነገር፦ ሐኪም እስኪያየው ድረስ ጠርሙሱን ነጥቀን እንዳንደፋበት። በራሱ ፈቃድ እንኳ ባንድ ጊዜ ላቁም ቢል፣ ሳይታይ እንዳያቆም። እናቴ ይህን ስነግራት አላመነችም። ለስምንት ወር ጠርሙስ ስትደብቅና ስትደፋ የኖረች ሴት ናት።

ስለ ጫቱ የጻፈችው አጭር ነው። ለሱ ይህን የመሰለ መድኃኒት የለም፤ ይተኛል፣ ይደበራል፣ ዱካክ ይይዘዋል። በድብርቱ ጊዜ ብቻውን እንዳይሆን፣ ስለ ሞት ካወራ ደግሞ ቀልድ ነው ብለን እንዳናልፈው አደራ አለችኝ።

ቁጥር 10 ሽማግሌ ነኝ ያሉ ሰው ናቸው። ለነርሷ የመለሱት እንደ ዱላ ነበር። ሐኪም ቤት ገንዘብ መልቀሚያ ሆኗል፣ በእኛ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ በአለንጋ ይመለስ ነበር፣ የዘንድሮ ሴቶች ወንድ ልጅ አሽሞንሙነው አጠፉት አሉ። አጎቴን የሚደግፍ በመገኘቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሰዓት ልቤ ትንሽ ወደሳቸው አዘነበለ።

ከዚያ ቁጥር 11 መጣ። አንዲት ሴት ናት፣ ከዚያ በፊት በዚህ መድረክ ጽፋ አታውቅም። ታላቅ ወንድሟ ጠጪ ነበር፤ ጫት አይቅምም። ቤተሰቡ ተማክሮ ዘጋበት። የመጀመሪያው ቀን ለመናቸው። በሁለተኛው ላብ አጠመቀው፣ ምግብ መለሰ፤ እየለቀቀው ነው ብለው ደስ አላቸው። ሦስተኛው ቀን ማታ ከሞተ አባታቸው ጋር ሲያወራ፣ ከብርድ ልብሱ ላይ ነፍሳት እያነሳ ሲጥል በበሩ ክፍተት አየችው። ርኩስ መንፈስ ነው ተብሎ ካህን ተጠራ፣ ጸሎት ተደረገ፣ በሩ ግን አልተከፈተም። ሲነጋጋ ወለሉ ላይ ሲንዘፈዘፍ ሰሙ፤ ቁልፉ የነበረው ሌላ ሰፈር ያደረ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። በር ሰብረው ሲገቡ አልቋል። ነርሷ በቁጥር 9 የጻፈችውን ስታነብ፣ ወንድሟ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ምን እንደገደለው ገና ያን ሌሊት አወቀች።

ቁጥር 12 እና 13 ነፍስ ይማር ናቸው። ቁጥር 14 ሽማግሌው ናቸው። ተመልሰው መጥተው ለሴትየዋ አጽናንተው፣ ለነርሷ ይቅርታ ብለው፣ ከዚያ በኋላ በዚህ ክር ላይ አልጻፉም።

በቁጥር 15 ላይ ያቺ የጸበሏ እናት ተጨንቀው ተመለሱ፤ እንግዲህ ጸበል አትውሰጂው ማለታችሁ ነው ወይ አሉ። መልስ የሰጣቸው በቁጥር 16 አንድ ዲያቆን ነው። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸውን አስታውሶ፣ ይህም ከዚያ አይለይም አለ። መጀመሪያ አደገኛውን ሳምንት በሐኪም እጅ ይለፍ፣ ከዚያ ክኒኑን ይዞ ጸበል ይግባ። እናትየው በጣም ነው ያመሰገኑት። እኔም ከዚህ ክር ካነበብኩት ሁሉ ለእናቴ ለማስረዳት የቀለለኝ ይህ ነበር።

ከቁጥር 17 ጀምሮ ጨዋታው ውጭ አገር ወጣ። ከለንደን አንድ ሰው፣ እንግሊዝ ጫትን ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ስለከለከለች መፍትሔው እገዳ ነው አለ። በቁጥር 18 እዚያው ያለ ሌላ ሰው፣ ድሮ ርካሽ የነበረው ቅጠል ተወዶ፣ ደርቆና ተደብቆ ይገባል እንጂ ቃሚው እንዳልጠፋ መለሰለት። ቁጥር 19 ሜሪላንድ የምትኖር ሐበሻ እናት ናት። እኛ ስለ ጫት ስንከራከር እሷ የልጇን ጓደኛ ቀብራ መምጣቷን ጻፈች። ልጁ ለራስ ምታት ብሎ ከጓደኛው የተቀበለው ክኒን ፌንታኒል የሚባል እጅግ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነበረበት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 በየዓመቱ ከ100,000 ሰው በላይ በዕፅና በመድኃኒት መጠን ማለፍ ሞቷል፣ የአብዛኛው መንስኤም ይኸው ነው። እዚያ ያላችሁ ወላጆች የፌንታኒልን መመረዝ የሚቀለብሰውን ናርካን የሚባል የአፍንጫ መድኃኒት ቤታችሁ አስቀምጡ፤ ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ለጫትና ለመጠጥ ግን አያገለግልም፣ ይህን የጻፍኩት አንድ ሰው ስለጠየቀኝ ነው።

ቁጥር 20 እና 21 ላይ አልቆይም። ጫት የእነማን ነው፣ አገሩን ማን በከለው ወደሚል የብሔርና የሃይማኖት ስድብ ወርዶ ነበር። አድሚኑ ሁለቱንም አጥፍቶ አስጠነቀቀ። ያ ስድብ ግን ቁጥር 22ን አመጣልን። ቡታጅራ ተወልዶ ያደገ ሙስሊም ነው፤ ቤታቸው ጫት የሚያዘው ለዱዓ ነበር። በእሱ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሞ በወጣ ጥናት ከ10,000 በላይ ሰው ተጠይቆ ግማሹ ቃሚ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከቃሚዎቹም 80 በመቶው ለጸሎት ልቡናን ለመሰብሰብ ነው ብለዋል። በየቀኑ የሚቅሙት ግን ከቃሚዎቹ 17.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሱ የሚለው፣ አያቶቻችን ሲቅሙ ቀኑም፣ መጠኑም፣ አብሮ የሚቀመጠውም ሰው የታወቀ ነበር፤ አሁን ያለው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም በአገር ደረጃ ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ ጫት ቀምሰው እንደሚያውቁ ስለሚያሳይ፣ ጉዳዩ የአንድ ወገን አይደለም አለ። የገበሬው ልጅ፣ ቁጥር 3፣ እዚህ ላይ መጥቶ ተስማማ። በቁጥር 9 ላይ ያለውን አንብቦ ወንድሜን እግዜር ይማርልሽ ብሎኝ ሄደ።

ቁጥር 23 በ2011 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1112 አነሣ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል መሆኑን፣ የቢራ ማስታወቂያም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ መውጣቱን። ቁጥር 24 ሰፈሩ ያለው ግሮሰሪ የማንንም መታወቂያ ጠይቆ እንደማያውቅ መለሰ። ሁለቱም እውነት ነው።

ቁጥር 25 የት እንውሰደው ለሚል ነበር። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምና እንደሚሰጡ፣ አልጋ ካልተገኘ ማንኛውም የድንገተኛ ክፍል ያለው አጠቃላይ ሆስፒታል የመጠጥ ማቆሚያውን ሳምንት ማከም እንደሚችል ጻፉልኝ።

ቁጥር 26 እኔ ነኝ። ሐሙስ ማታ ቁጥር 9ንና 11ን ለአጎቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስጨርስ ምንም አልተናገረም፤ ጓሮ ሄዶ በሩ ላይ አንጠልጥሎት የነበረውን ጓጉንቸር አውልቆ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ነርሷ ያለችኝን አደረግሁ፣ ወንድሜን ራሱን ጠየቅሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለሱ ስንማከር እሱን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ በራሱ ሊያቆም ሞክሮ እንደነበር ነገረኝ። ሁለቱንም ጊዜ በሁለተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥና ልቡ ደረቱን ሲመታው ልሞት ነው ብሎ ጠርሙሱን አነሣ። የጫት ሐራራ ነው ብሎ ስላሰበ በማግሥቱ የባሰ ይቅም ነበር። በሽታ ነው፣ ስምም መድኃኒትም አለው ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትንሽ ቆይቶ መቼ እንሄዳለን አለኝ።

ዓርብ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ አልጋ የለም ብሎ መለሰን፤ ሱሰኛ ነው ሲባል የእንግዳ ተቀባይዋ ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። ሁለተኛው ተቀበለን። ወንድሜ እስከ ማታ የተጠበቀው እናቴ በገዛ እጇ በለካችለት መጠጥ ነው። እየቀዳችለት እንባዋ ይወርድ ነበር።

ቁጥር 27 ነርሷ ናት፤ ሌሊቱን ስንጠብቅ ምን ምን ማየት እንዳለብን አንድ በአንድ ጻፈችልኝ። በሁለተኛው ሌሊት አንዴ አንዘፈዘፈው። ሐኪሞቹ እዚያው ነበሩ፣ በደቂቃዎች ተረጋጋ። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ብዬ አላስብም፤ ማሰብ አልችልም።

ቁጥር 28 የሐዋሳው ልጅ ነው፣ ይሄኛው ላይ ቁጣ የለበትም። ከባዱ ነገር ከሆስፒታል ሲወጣ እንደሚጀምር አስጠነቀቀኝ። ጫቱ የሚጠራው ሰዓት ከምሳ በኋላ፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው፤ ያን ሰዓት ባዶ እንዳናደርግበት። ለጥቂት ወራት ጥሬ ገንዘብ እጁ ላይ እንዳይበዛ፣ ስልኩ ላይ ያሉትን የበርጫ ጓደኞች እሱ ራሱ እንዲያጠፋ፣ እኛ እንዳናጠፋበት። ከበራችን አጠገብ ጫት ቤት ካለ ለጊዜው ሌላ ዘመድ ጋር ቢያርፍ ጥሩ ነው። አንድ ቀን ቢሳሳትና ቢቅም ደግሞ ሁሉ ነገር ፈረሰ ብለን እንዳናለቅስበት፤ እሱ ራሱ በስድስተኛው ሙከራ ነው ያቆመው። በቁጥር 29 አመስግኜዋለሁ። ቁጥር 30 ያቺ ወንድሟ የሞተባት እህት ናት። ወንድሜን ስሙን ጠይቃኝ ነበር፣ በጸሎት እንድታስበው። በውስጥ መስመር ሰጥቻታለሁ።

ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ዳያዜፓሙ ወደ ግማሽ ወርዷል። ብዙ ይተኛል፣ ሌሊት ዱካክ ያስጮኸዋል። ጠዋት እናቴ በፔርሙስ ቡና ወስዳለት ነበር፤ ከለመደችው ብርጭቆ ጋር ሲኒም ይዛ ሄደች። ሲኒውን መረጠ። በሁለት እጁ ነው የያዘው።

ቁጥር 31 ትናንት ማታ የገባ ነው፣ እስካሁንም ማንም አልመለሰለትም። የ17 ዓመት ልጅ እናት ናት። ልጇ ቦርሳ ውስጥ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አግኝታለች፣ ለማንም እንዳትናገር ለምኗታል፣ ለአባቱ ብትነግረው ይገድለዋል ብላ ፈርታለች። ወስዳ ሽንት ቤት ልትደፋው ነበር፣ ቁጥር 9ን አንብባ ነው የተወችው። ይህም ባንድ ጊዜ ሲቆም ያማል፣ ሲበዛ ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል፤ እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው። ነርሷ ወይም ሌላ ባለሙያ ይህን የምታነብቡ ከሆነ፣ እባካችሁ ዛሬ ሳይመሽ መልሱላት።